ለማን ነው የምንቆጣው?

(ጅማ ላይ ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር፣ ከድምፅ ቅጂው ላይ እንዳለ የተገለበጠ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አሰላሙ ዐለይኩም። አካም ኦልተን። እንኳን በሰላም መጣችሁ። አብዛኞቻችሁ ጾማችሁን ናችሁ፣ ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመውልናል፣ ስለዚህ ድካሙ ሳይበረታባችሁ ለመጨረስ እሞክራለሁ። ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶች፣ ሼኾቻችን፣ ቄሶቻችን፣ ፓስተሮቻችን፣ እናንተ እያላችሁ እኔ የቆምኩት ልጆቹ ጠርተውኝ ነው። ብዙዎቹን ክፍል ውስጥ አስተምሬያቸዋለሁ፣ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

የሰጡኝ ጥያቄ አጭር ነው። በሃይማኖት ክርክር ላይ ኃይለኛ ቃል፣ ስለታም ቃል፣ ሰው የሚያቆስል ቃል መናገር መቼም ቢሆን ይፈቀዳል ወይ? ይሄው ነው ጥያቄው። እንዲህ ዓይነት መድረክ ላይ የሚጋበዝ ሰው ብዙ ጊዜ "አይፈቀድም፣ ሁላችንም አንድ ነን፣ ተቻችለን እንኑር" ብሎ ይወርዳል። እኔ እንደዛ አልልም። አንድ አይደለንም። ሃይማኖታችን ይለያያል፣ ልዩነቱም ሰው የሞተለት ልዩነት ነው፣ በአንድ ስብሰባ የሚጠፋ አይደለም፣ መጥፋትም የለበትም። ደግሞ መጻሕፍቶቻችን ውስጥ ኃይለኛ ቃል አለ። የለም ብንል እንዋሻለን። ስለዚህ የማነሳው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ አሁን ምን እያደረግን ነው? ሁለተኛ ነቢያቱ ሲቆጡ ማንን ነው የተቆጡት? ሦስተኛ ከጎረቤት ሃይማኖት ጋር ስንነጋገር ወጋችን ምን ነበር?

እሺ፣ አንደኛው።

የጎረቤቴ ልጅ ማታ ማታ ቲክቶክ ላይቭ ያያል። አንድ ምሽት "ጋሼ ይሄን እዩት" ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሏል፣ በአንዱ በኩል ነጠላ ያጣፋ ወጣት፣ በሌላው በኩል ኮፍያ ያደረገ ወጣት፣ ከላይ ጥጉ ላይ የተመልካቹ ቁጥር አለ። ክርክሩን ትቼ ቁጥሩን ማየት ጀመርኩ። አንዱ መጽሐፉን ገልጦ ረጋ ብሎ ማንበብ ሲጀምር ቁጥሩ ይወርዳል። ሌላው አቋርጦ "አንተ ደንቆሮ" ሲለው ቁጥሩ ይወጣል። ስለ እመቤታችን ጸያፍ ነገር ሲነገር፣ ስለ ነቢዩ ሙሐመድ ቤተሰብ ጸያፍ ነገር ሲነገር፣ ያን ጊዜ ነው ልቡ ስክሪኑን የሚሞላው፣ ሮዝ ይላካል፣ አንበሳ ይላካል፣ "ታፕ ታፕ አድርጉ ቤተሰብ፣ ሼር አድርጉ" ይባላል። አንበሳው ገንዘብ ነው እኮ። እዛ ላይ ተሳዳቢው ለስድቡ ይከፈለዋል። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ልጁን "ይሄ ተገቢ ነው?" አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ጋሼ፣ ጌታስ የእፉኝት ልጆች ብሎ የለ?" አለኝ። ሙስሊም ጓደኛው አብሮት ነበር፣ እሱም "ቁርአን ውስጥስ ተብበት የዳ አቢ ለሀብ፣ የአቡ ለሀብ እጆች ይክሰሩ ተብሎ የለ?" አለ። ሁለቱም በዚህ ተስማሙ! ግን መልሳቸው ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ ከመጽሐፍ ነው ያመጡት፣ ከመጽሐፍ መመለስ አለበት።

ስለዚህ ሁለተኛው ነጥብ። እዚህ ጋ ቆየት እላለሁ።

ማቴዎስ 23ን ማታ ቤታችሁ አንብቡት። ወዮላችሁ፣ ወዮላችሁ፣ ወዮላችሁ እያለ ነው የሚሄደው። ግብዞች ይላል፣ ዕውሮች ይላል፣ በኖራ የተለሰኑ መቃብሮች ይላል፣ እባቦች ይላል። ከዚህ በላይ ኃይለኛ ቃል የለም። ግን ለማን ነው? ለሮማዊ ነው? ለሳምራዊ ነው? አይደለም። በሙሴ ወንበር ላይ ለተቀመጡት ነው። የገዛ ሕዝቡ መምህራን፣ ከባድ ሸክም አስረው በሰው ትከሻ ላይ የሚጭኑ፣ የመበለቶችን ቤት የሚበሉ። የት ሆኖ ነው የተናገረው? ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ እዛው ሰፈራቸው። መቼ? በዚያው ሰሞን ነው ይዘው የሰቀሉት። ዋጋውን ማን ከፈለ? ተናጋሪው።

አሁን ደግሞ ዮሐንስ 4ን እዩ። ሳምራዊቷ ሴት የሌላ እምነት ሰው ናት። ክርክሩን ራሷ ነች የጀመረችው፣ አባቶቻችን በዚህ ተራራ ሰገዱ እናንተ ግን ኢየሩሳሌም ነው ትላላችሁ አለችው። ልዩነቱን ሸፋፈነላት እንዴ? አልሸፋፈነም፣ እናንተ ለማታውቁት ትሰግዳላችሁ አላት፣ መዳን ከአይሁድ ነው አላት። ቃሉ ቀላል አይደለም። ግን መጀመሪያ ውሃ አጠጪኝ ብሏታል፣ በሕይወቷ ያለውን ነገር እያወቀ አላዋረዳትም፣ መጨረሻ ላይ እንስራዋን ጥላ ሰው ልትጠራ ሮጠች። የተሰደበ ሰው እንደዚህ ይሮጣል?

ከነዓናዊቷስ፣ ለቡችሎች የተባለላትስ የሚል ይኖራል፣ አውቃለሁ፣ ቃሉ እኔንም ሁሌ ይከብደኛል። ግን ታሪኩ የሚያልቀው እምነትሽ ታላቅ ነው በሚል ነው፣ ልጇም ድና ነው። ላይቭ ላይ የሚሳደብ ሰው እንደዛ ሲጨርስ አይቼ አላውቅም።

ወደ አቡ ለሀብ እንምጣ። ኡስታዞቹ ብሳሳት ያርሙኝ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ በሰው መጽሐፍ ላይ ስናገር በጥንቃቄ ነው። አቡ ለሀብ ማነው? የነቢዩ የገዛ አጎት ነው። የመካ ትልቅ ሰው፣ የቤተሰቡ አካል፣ የገዛ ወንድሙን ልጅ ያሳደደ ሰው። ያም ቃል የወረደው ሙስሊሞቹ ጥቂትና ደካማ በነበሩበት ጊዜ ነው። እዚያው ቁርአን ውስጥ ግን ሱረቱል አንዓም 108 ላይ ምን ይላል? ከአላህ ሌላ የሚጠሯቸውን አትስደቡ፣ እነሱም ሳያውቁ አላህን ይሰድባሉና ይላል። ሙሳና ሃሩን ወደ ፊርዐውን ሲላኩስ? ለስላሳ ቃል ተናገሩት ነው የተባሉት፣ ሱረቱ ጣሃ 44። ለፊርዐውን! ወንድ ሕፃናትን ለገደለ ሰው! ታዲያ አብሮህ ለተማረ፣ አብሮህ ባጃጅ ለሚሳፈር ልጅ ምን ዓይነት ቃል ነው የሚገባው?

ኤልያስስ? ይሄን የሚያነሳ አለ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ የበኣልን ነቢያት አላገጠባቸው፣ በታላቅ ቃል ጩኹ፣ ምናልባት ተኝቶ ይሆናል አላቸው። የሌላ አምላክ ነቢያት ናቸው፣ እውነት ነው። ግን ታሪኩን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡት። እነሱ 450 ናቸው፣ እሱ አንድ ነው። እነሱ ከንግሥቲቱ ከኤልዛቤል ማዕድ ይበላሉ፣ እሱ ይታደናል። ከሁሉ በፊት የተቆጣውም የገዛ ሕዝቡን ነው፣ እስከ መቼ ድረስ በሁለት አሳብ ታነክሳላችሁ ብሎ። ቤተ መንግሥቱን ነው የተጋፈጠው። ከዚያ በኋላም ነፍሱን ለማዳን በረሃ ነው የሸሸው። በኤልያስ ስም ምስኪን ጎረቤቱን የሚያላግጥ ሰው ኤልያስን አይመስልም፣ የሚመስለው ከማዕዱ የሚበሉትን ነው።

ነቢዩ ናታን ዳዊት ፊት ገብቶ "ያ ሰው አንተ ነህ" አለው፣ ንጉሡን፣ የገዛ ንጉሡን። በሐዲስም ከጂሃድ ሁሉ በላጩ በግፈኛ ገዢ ፊት የሚነገር የእውነት ቃል ነው ይባላል። አቡነ ጴጥሮስን እናንሳ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ፋሺስቶች በጥይት የደበደቧቸው ለምን ነበር? ለወራሪው ተገዙ ብለህ ስበክ ሲባሉ የተገዛ የተወገዘ ይሁን ብለው ነው። ውግዘት ኃይለኛ ቃል ነው፣ ከሃይማኖት አባት አፍ ሲወጣ ደግሞ እጅግ ኃይለኛ ነው። ማን ነው ያ ቃል አልተገባም የሚል? እኔ አልልም። ጠመንጃ ፊት ቆመው ነው የተናገሩት።

እንግዲህ ልጆች፣ ጥያቄው ይፈቀዳል አይፈቀድም ብቻ አይደለም። ለማን ነው? ማን ነው የሚከፍለው? ነቢያቱ የተቆጡት ወደ ገዛ ቤታቸውና ወደ ላይ ነው፣ ጉልበት ወዳለው፣ ዋጋውም በራሳቸው ላይ ነው የወደቀው። አሁን ግን ቁጣችን ወደ ጎንና ወደ ታች ነው፣ ወደ ሌላ ሰፈር ነው፣ ጭብጨባውን እኛ እንወስዳለን፣ ዋጋውን የማናውቃት አንዲት እናት ትከፍላለች።

ራሴ ይሄን ካልኩ ከራሴ ቤት ልጀምር። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፣ ልጅ ሆኜ ድቁና ተቀብያለሁ፣ ቤተ ክርስቲያኔን እወዳታለሁ። በ1870 ዓ.ም. ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ በተቀመጡበት፣ ምኒልክም ባሉበት የሃይማኖት ጉባኤ ተደረገ፣ ካራና ጸጋ የሚባሉት ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን ወገኖች ተከራከሩ፣ ካራ የሚባለው የተዋሕዶው ወገን ነው። ክርክር ይባል እንጂ ንጉሥ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ወታደር ዙሪያውን ቆሞ የሚደረግ ነገር ነው። ተዋሕዶ አሸነፈች፣ እኔም የማምነው እሱን ነው። ግን ከተረቱት ውስጥ ምላሳቸው የተቆረጠ እንደነበሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ከዚያም የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ ተባለ፣ ያልፈለገ ሀገሩን ጥሎ ተሰደደ፣ ገሚሱም አመፀ። ይሄን ልክ ነበር ማለት አልችልም። ልክ አልነበረም። ይሄን የምለው እኔ ነኝ መሆን ያለበት፣ ሙስሊሙ ወንድሜ ሲነግረኝ እስክሰማ መጠበቅ የለብኝም። ሌላው የቤቱን ነገር ራሱ ያንሳ፣ እኔ አላነሳለትም።

(እዚህ ላይ ከአዳራሹ "ሕጉስ?" የሚል ጥያቄ ተነስቷል።)

ሕጉ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ በሃይማኖት ላይ የተነጣጠረ የጥላቻ ንግግርን ይከለክላል። ግን የሃይማኖት ትምህርት አካል የሆነን ንግግር ከክልከላው ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ "እያስተማርኩ ነው" የሚል ሰው ፍርድ ቤት የማይደርስበት ብዙ ነገር ሊናገር ይችላል። ፖሊስ እዚህ ጥያቄ ውስጥ ብዙ አይረዳንም፣ በራሳችን ነው የምንፈታው።

ሦስተኛው፣ ወጋችን።

እዚህ ያላችሁ የጅማ ልጆች የምነግራችሁን ታውቁታላችሁ፣ ግን አንድ ጊዜ በደንብ እንየው። የልጄ ሠርግ ላይ ሁለት በሬ ታረደ። አንዱ በስመ አብ ተብሎ፣ አንዱ ቢስሚላህ ተብሎ ወደ ቂብላ ዞሮ። ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ረድፍ ድስት። ሙስሊም ጎረቤታችን ሌሊቱን ሙሉ በነሱ ድስት በኩል በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ አደረች፣ የኛ ጭልፋ ተሳስቶ እንዳይገባ የነሱን ጭልፋ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረችበት። ባለቤቴ እሷ አጠገብ ሆና ሽንኩርት ትከትፋለች። ሲያወሩ ነው ያደሩት።

አሁን አስቡት። ሥጋህን አልበላም ማለት ምን ማለት ነው? በአንተ ጸሎት የታረደውን አልቀምስም፣ እምነትህን አልቀበልም ማለት ነው። ከዚህ የጠነከረ የሃይማኖት ንግግር አለ? የለም። ቲክቶክ ላይ ካለው ሁሉ የጠነከረ ነው፣ ምክንያቱም ሰው በአፉ ብቻ አይደለም የሚናገረው፣ በማዕዱ ነው። ግን ማንም አልተሰደበም። ቀዩ ጨርቅ ስድብ አልነበረም። እንዲያውም ባለቤቴ ነች ጨርቁን ፈልጋ የሰጠቻት።

እና እዚያው ሠርግ ላይ አንድ ከኛ ወገን የሆነ ጎረምሳ ትንሽ ጠጥቶ በዚያኛው ድንኳን በኩል ሲያልፍ ጮክ ብሎ ስለነሱ ሥጋ አስቀያሚ ቃል ተናገረ። ታላቅ ወንድሜ ሰማው። ወንድሜ ዝምተኛ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። በሰው ሁሉ ፊት "አንተ ባለጌ! ከዚህ ቤት ውጣ፣ ሠርጌን አታርክስብኝ!" ብሎ እጁን ይዞ አስወጣው። በዚያ ቀን የተሰማው ኃይለኛ ቃል ይሄ ነበር። የልጁ እናት ቅር አላት፣ ለረጅም ጊዜ አላነጋገረችውም። ወንድሜ ከፈለ ማለት ነው። በሌላኛው ድንኳን ያሉት ግን ተነስተው ሄደው አልቀሩም፣ ሙሽሮቹ እስኪሸኙ ቆዩ። እነሱ ራሳቸው መልስ ቢሰጡት ምን ይሆን ነበር? እስቲ ገምቱ።

አንድ ሰው ግን አለ፣ እሱን ለስለስ በል የማልለው። የተበደለ ሰው። በ2003 ዓ.ም. እዚሁ ዞናችን ውስጥ አሰንዳቦና አካባቢው ቁርአን ተዋረደ የሚል ወሬ ተነስቶ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ሸሸ። በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ። የጸለየበት ቤት አመድ ሲሆን ያየ ሰው ቢጮህ፣ ቢራገም፣ አፉን ልትይዘው አትችልም። ቁርአንም ሱረቱ ኒሳእ 148 ላይ አላህ ክፉ ንግግር በይፋ መናገርን አይወድም፣ የተበደለ ሰው ሲቀር ይላል። የተበደለ ሰው ሲቀር! ዳዊትም 136ኛው መዝሙር ላይ፣ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ የሚለው፣ መጨረሻው የሚያስፈራ ቃል ነው፣ የተማረከ ሰው ጩኸት ነው፣ ወደ እግዚአብሔር የተጮኸ። ጩኸቱን እሰማለሁ፣ አላርመውም።

የማልቀበለው ምኑን መሰላችሁ? ያልተቃጠለበት ሰው የተቃጠለበትን ሰው ቁጣ ተውሶ ሲነግድበት ነው። እሳቱ ያልነካው፣ ሌላ ከተማ ወይ ሌላ ሀገር የተቀመጠ፣ የእነዚያን ሰዎች ፎቶ ከጀርባው ለጥፎ አንበሳ የሚሰበስብ። ላይቭ ላይ የሚከፈለው ሰው ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ተበዳዩ በዚህ ምን አገኘ? ቤቱ ተሠራለት?

ደግሞ ለስላሳ መናገር ፈሪነት ነው የምትሉ አላችሁ። የነቢዩ ሙሐመድ የአጎት ልጅ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ፈሪ ነበር? በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ615 ገደማ ወደ ሀገራችን የተሰደዱት ሙስሊሞች ንጉሡ ፊት ቀረቡ፣ የመካ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው መልሱልን እያሉ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጃዕፈር ከሱረቱ መርየም አነበበ፣ ንጉሡ አለቀሰ ይላል ታሪኩ። በማግስቱ ከመካ መልእክተኞች አንዱ አምር ኢብኑል ዓስ ተመልሶ ስለ ኢሳ፣ ስለ ኢየሱስ ማለት ነው፣ ከባድ ነገር ይላሉና ጠይቃቸው አለው። አሁን ነፍሳቸው በአንድ መልስ ላይ ተንጠልጥላለች። ጃዕፈር ዋሸ? አልዋሸም፣ የአላህ አገልጋይና መልእክተኛው ነው አለ፣ ወደ መርየም የጣለው ቃሉና ከሱ የሆነ መንፈስ ነው አለ። የአምላክ ልጅ ነው አላለም፣ በክርስቲያን ንጉሥ ፊት፣ ጳጳሳቱ እየሰሙ። ግን መስቀሉን አልሰደበም፣ ያስጠጋውን ንጉሥ አላዋረደም። የሚያምነውን ተናገረ፣ አበቃ። ንጉሡም አላባረራቸውም። በሀገራችን ምድር ላይ ክርስቲያንና ሙስሊም ስለ እምነት ሲነጋገሩ የምናውቀው የመጀመሪያው ጊዜ ይሄ ነው። እኔ በጃዕፈር መልስ አልስማማም፣ ጌታዬን እንደዛ አላምነውም። ግን እንደሱ የሚናገር ሰው ቢመጣ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ እከራከረዋለሁ።

የኛም መጽሐፍ፣ የይሁዳ መልእክት ላይ፣ ቅዱስ ሚካኤል ከዲያብሎስ ጋር ሲከራከር የስድብን ፍርድ ሊናገረው አልደፈረም፣ ጌታ ይገሥጽህ አለው እንጂ ይላል። ሚካኤል ነው! ከዲያብሎስ ጋር ነው! በየወሩ በ12 ስሙን የምንጠራው እኛ ነን፣ ታዲያ ሰኞ ጠዋት ጎረቤታችንን ምን ብለን ነው የምንጠራው? መናፍቅ፣ አረማዊ፣ ካፊር፣ ጴንጤ እያልን፣ እነዚህን ቃላት እንደ ድንጋይ ነው የምንወራወራቸው።

እንግዲህ አንድ ልመና አለኝ፣ ላይቭ ለምትገቡት። ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ አንደበተ ርቱዕ ናችሁ፣ አውቃችኋለሁ፣ ክፍል ውስጥም እንደዛው ነበራችሁ። ይሄ ጾም እስኪያልቅ የገዛ ቤታችሁን ጉድ ብቻ ተናገሩ። ክርስቲያኑ ስለት ስለሚበላው፣ አጥማቂ ነኝ ብሎ በሽተኛ ስለሚያስፈራራው፣ መድኃኒትሽን ጣይ ስለሚለው ነቢይ ነኝ ባይ ተናገሩ። ሙስሊሙም የራሱን ቤት ያውቃል። እዚያ ላይ ቆጣ በሉ፣ ስለታም ሁኑ፣ እኔ ራሴ ሼር አደርግላችኋለሁ። ሊከፋባችሁ የሚችለው ወገናችሁ ነው፣ ያኔ ቃላችሁ ዋጋ አስከፍሏችኋል። ከሌላው ሃይማኖት ጋር ስትነጋገሩ ደግሞ የማትስማሙበትን ሳትደብቁ ንገሩት፣ ሰውየው ፊት ለፊታችሁ ሲሆን፣ ነገ ለቅሶ ቤት አጠገቡ ልትቀመጡ እንደምትችሉ እያወቃችሁ።

እናንተ አባቶች ደግሞ፣ የራሳችሁ ልጅ የሌላውን እምነት ሲሰድብ ሰምታችሁ ዝም አትበሉ። ሌላው ወገን ሲሰድበን መግለጫ ለማውጣት አንዘገይም፣ የኛው ሲሰድብ ግን አልሰማንም እንላለን። ከሌላው በፊት እናንተ ተቆጡት፣ በስሙ ጠርታችሁ፣ በሰው ፊት።

የኔ ይሄው ነው። ለኢፍጣር የምትሄዱ ስላላችሁ ጥያቄውን አሁኑኑ እንጀምር። በኤልያስ ነገር ያልተስማማ እንዳለ ፊታችሁ ላይ አያለሁ፣ እሱ ይቅደም። ማይኩን ግን መጀመሪያ ከኋላ ለተቀመጡት እህቶች አድርሱልኝ። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ።